የወንዝ ዳር ዛፍ፦ ምጽዋት ነው ዕዳ?

ጥር 10 ቀን ከሰዓት በኋላ የጎንደር ታቦታት ከየአድባራቱ ወጥተው ወደ ዐፄ ፋሲለደስ መዋኛ ይወርዳሉ። ገንዳው ከበዓሉ አስቀድሞ ከቀሃ ወንዝ በተጠለፈ ውኃ ይሞላል። በዙሪያው ባለው የድንጋይ አጥር ላይ ያረጁ ዛፎች በቅለዋል፤ ሥሮቻቸው በካቡ ላይ ወርደው፣ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ገብተው ግንቡን አቅፈው ይዘውታል። ሌሊቱ በማኅሌትና በቅዳሴ ያልፋል። ሲነጋ ውኃው ይባረካል፤ ወጣቱ ልብሱን ጥሎ ዘሎ ይገባል፤ ያልደረሰው በላስቲክ ዕቃ ቀድቶ ለቤቱ ይወስዳል።

ቀሃ ግን ገንዳው ጋ አይቆምም። ከተማዋን አቋርጦ ከመገጭ ጋር ይገናኛል፤ መገጭ ደምቢያን አልፎ ጣና ይገባል፤ ከጣና ዓባይ ይወጣል። በመንገዱ ላይ ልብስ ይታጠብበታል፣ ከብት ይጠጣዋል፣ ቆሻሻ ይደፋበታል። ክረምት ሲገባ ደግሞ የዳገቱን አፈር ተሸክሞ ደፍርሶ ይወርዳል። ለከተማዋ የመጠጥ ውኃ የተሠራው የአንገረብ ግድብም ከዚህ አላመለጠም። ከላይ ከእርሻው የሚመጣው ደለል ውኃ የሚይዝበትን ቦታ ከዓመት ዓመት ሲያጠብበው ኖሯል፤ የጎንደር ሰውም ባዶ ቧንቧና የጀሪካን ሰልፍ ያውቃል።

ውኃን በዓመት አንድ ቀን የሚቀድስ ሕዝብ በቀሩት ቀናት ለውኃው ዳር ምን ግዴታ አለበት? ይህ ለመሐንዲስም ለካህንም የሚቀርብ ጥያቄ ነው። አንድ ገበሬ ከማሳው ጫፍ አሥር ሜትር ለቆ ዶቅማና ሾላ፣ አኻያና ሸምበቆ ቢተክል አብዛኛው ጥቅም የሚደርሰው ከታች ላለ፣ ስሙን እንኳ ለማያውቀው ሰው ነው። ታዲያ ይህ ተክል ምጽዋት ነው ወይስ ዕዳ? ምጽዋትን ሰጪው ሲወድ ይሰጣል፤ ባይሰጥ ይታማ ይሆናል እንጂ ሸንጎ አይቆምም። ዕዳ ግን ባለመብት አለው። ባለመብቱ መጥቶ «የኔን ስጠኝ» ማለት ይችላል።

መልስ ከመስጠት በፊት ዛፉና ሣሩ የሚሠሩትን ሥራ በቅርብ ማየት ይበጃል። ጤፍ የሚዘራበትን ማሳ እንውሰድ። የጤፍ ዘር ደቃቅ ስለሆነ መሬቱ ደጋግሞ ይታረሳል፣ ይለሰልሳል፣ በብዙ ቦታም ከብት ተነድቶ ይረገጣል። የሚዘራው በሐምሌ ነው፤ ዝናቡ በሚበረታበት ወር መሬቱ ራቁቱን ነው ማለት ነው። ጠብታው አፈሩን ይፈነቅለዋል። መስረግ ያቃተው ውኃ በማሳው ላይ እንደ ስስ ነጠላ ተዘርግቶ ቁልቁል ይሄዳል። ሲሄድ አሸዋውን፣ ደቃቁን አፈርና ሸክላውን ይዞ ነው፤ ከሸክላው ጋር ተጣብቆ ደግሞ ገበሬው በብድር የገዛው ማዳበሪያ፣ በተለይ ፎስፎረሱ፣ አብሮ ይወርዳል።

በወንዙ ዳር ጥቅጥቅ ያለ ሣርና ቁጥቋጦ ካለ ውኃው እዚያ ሲደርስ ይዘገያል፤ ሲዘገይም ሸክሙ ይከብደዋል። አሸዋው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ይወድቃል። ደቃቁ ደለል ቀጥሎ ይወርዳል፤ ሸክላው ግን ለመስከን ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ከመሬት በታች ሌላ ሥራ አለ። ከዩሪያ የሚመጣው ናይትሬት በውኃ ስለሚሟሟ ሣሩ እንደ ደለሉ አያስቀረውም። ከዛፎቹ ሥር ባለው እርጥብና አየር ባነሰው አፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ግን ናይትሬቱን ወደ ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ይመልሱታል። አሜሪካ ውስጥ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ተፋሰስ የሠሩት ፒተርጆንና ኮረል እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ በእርሻና በጅረት መካከል የቆመ ደን ከማሳ የሚወጣውን ናይትሮጅን አብዛኛውን ይዞ እንደሚያስቀር አሳይተዋል። በርካታ ጥናቶችን የገመገሙት ስዊኒና ኒውቦልድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 የጅረትን ሙሉ ጤና ለመጠበቅ በእያንዳንዱ ዳር ቢያንስ 30 ሜትር ያህል ደን ያስፈልጋል ብለው ደመደሙ። ጠበብ ያለውም ቢሆን ደለልን ይቀንሳል።

ጥላውም ሥራ አለው። ፀሐይ ያልመታው ውኃ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ደግሞ የበለጠ ኦክስጅን ይይዛል። ከዛፉ የሚረግፈው ቅጠል በድንጋይ ሥር ለሚኖሩ ነፍሳት ምግብ ይሆናል፤ ነፍሳቱን ዓሣ ይበላቸዋል። ጣና ይህን በሚገባ ያሳያል። በሐይቁ ካሉት ላቢዮባርበስ ከሚባሉ የዓሣ ዝርያዎች አብዛኞቹ በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የላቸውም። ከእነርሱ ብዙዎቹ በክረምት እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ገባር ወንዞች ሽቅብ ወጥተው እንቁላላቸውን ንጹሕ ጠጠር ላይ ይጥላሉ። ጠጠሩ በደለል ሲሸፈን እንቁላሉ አየር ያጣል። ስለዚህ እስቴ ወይም ፎገራ ላይ የተቆረጠ የወንዝ ዳር ቁጥቋጦ ባሕር ዳር ገበያ ላይ በሚቀርበው ዓሣ ላይ መዘዝ አለው።

ለምን አገር በቀል? በየወንዙ ዳር ረድፍ ይዞ የቆመው ባሕር ዛፍም ዛፍ ነውና። ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ የማገዶንና የግንባታን ችግር ያቃለለ ባለውለታ ነው። አጠናውና ቋሚው ለብዙ ገበሬ የባንክ ደብተር ሆኗል፤ ይህን መካድ አይገባም። ለወንዝ ዳር ግን አይመችም። ቅጠሉ ቶሎ አይበሰብስም፤ ከሥሩ ሌላ ተክል እንዲበቅል እምብዛም አይፈቅድም። ጎርፍን የሚያዘገየው ደግሞ ከዛፉ ቁመት ይልቅ ከሥሩ ያለው ሣርና ቁጥቋጦ ነው። ባሕር ዛፍ ውኃም በብዛት ይጠጣል። ዶቅማ፣ ሾላ፣ ብርብራ፣ ዋንዛና አኻያ ግን ከሥራቸው ሣርና ሐረግ ያሳድራሉ፤ አኻያማ ጎርፍ ሲመጣ መታጠፍን፣ ሲሄድ መነሣትን ያውቅበታል።

ይህ ሁሉ የማይሠራበትም ቦታ አለ። የደጋ ገበሬ ማሳው በውኃ እንዳይጠቃ በአግድመት የሚቀደው ፈሰስ የተበተነውን ውኃ ሰብስቦ በአንድ አፍ ወደ ወንዝ ያወርደዋል። በፈሰስ የመጣ ጎርፍ የወንዝ ዳሩን ሣር በአንድ ነጥብ ሰብሮ ያልፋል፤ ውሎ አድሮም ቦረቦር ይሆናል። ስለዚህ የዳር ተከላ ከላይ እርከን፣ በፈሰሱ ላይ ደግሞ ክትር ካላገኘ ብቻውን አይዘልቅም። ጉዳዩን የሥነ ምግባር ጉዳይ የሚያደርገውም ይህ ነው። አንዱ ጎረቤት ተክሎ ሌላው ቢተው የተከለው ድካሙ ግማሽ ይሆናል።

ኢትዮጵያ ዛፍን በሃይማኖት የመጠበቅ ልምድ አላት። ደቡብ ጎንደርን ከላይ ያየ ሰው በታረሰው መሬት መካከል እዚህም እዚያም ክብ አረንጓዴ ነጥቦችን ያያል፤ እያንዳንዱ ነጥብ መካከል የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ አለ። በብዙ አንባቢ ዘንድ በ«እመጓ» ልብ ወለድ የሚታወቁት ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያቸው የደን ተመራማሪ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 ባጠናቀቁት የዶክትሬት ሥራቸው 28 የደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናትን ደን አጥንተው 168 የእንጨት ዕፅ ዝርያዎችን መዝግበዋል፤ ከእነዚህም እጅግ አብዛኞቹ አገር በቀል ናቸው። ካህናቱን ለምን ደኑን እንደሚጠብቁ የጠየቀ ሰው ደኑ የቤተ ክርስቲያን ልብስ ነው፣ ዛፍ የሌለው ደብር ራቁቱን ነው የሚል መልስ ይሰማል። ከብት ገብቶ ችግኙን እንዳይበላ ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር በተጀመረው ጥረት የበርካታ ደብሮች ደን በድንጋይ ካብ ታጥሯል። ድንጋዩ ከማሳ የተለቀመ ስለሆነ ገበሬውም ተጠቅሟል።

ከዚህ የጠነከረ ምሳሌ በጣና ደቡባዊ ዳር ይገኛል። የዘጌ ትውፊት እንደሚለው አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ። ሕዝቡም በሬ ጠምዶ ሳያርስ ከዛፍ ፍሬ እንዲኖር ቃል ተቀበለ። ትውፊቱን ማመን አለማመን የየሰው ፋንታ ነው፤ ውጤቱ ግን በዓይን ይታያል። ማረሻ ለብዙ ዘመን ስለራቀው መሬቱ እስከ ሐይቁ ጫፍ በደን ተሸፍኖ ኖረ። ዛሬ የውኃ ባለሙያ በካርታ ላይ አስምሮ የሚለምነውን ነገር አንድ የገዳም ሥርዓት ያለ ካርታ አስገኝቶታል። በዩኔስኮ የጣና ባዮስፌር ክልል ከሆነ 10 ዓመት ያለፈው ይህ ሐይቅ ሌሎቹ ዳርቻዎቹ በዚህ ሥርዓት ቢጠበቁለት ኖሮ መልኩ የተለየ በሆነ ነበር።

ታዲያ ደብሩን የጠበቀው ቅድስና ለምን ጅረቱን አልጠበቀም?

ዋናው ምክንያት ቅርጹ ይመስላል። ደብር ቦታ ነው፤ መካከል አለው፣ ዙሪያ አለው፣ አጥር ይሠራለታል፣ ጠባቂና አለቃ ይሾምለታል። ጠበልም ምንጩ ጋ ስም አለው፤ የመድኃኔ ዓለም ጠበል፣ የኪዳነ ምሕረት ጠበል ይባላል። ወንዝ ዳር ግን መስመር ነው። ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው፣ ከክርስቲያኑ ደጅ ወደ ሙስሊሙ ደጅ ያልፋል። ምንጩ ጋ ጫማ የሚያወልቅ ሰው ከሁለት ኪሎ ሜትር በታች እዚያው ውኃ ውስጥ ሞተር ብስክሌቱን ያጥባል፤ የሠራው ክፉ ሥራ ያለ አይመስለውም። ቅድስናው ከምንጩ ተነሥቶ የት ላይ እንዳበቃ የነገረው ግን የለም።

ይህ የሚያስገርመው ወንዝ ዳሩ በበዓል ሁሉ ቤት ውስጥ ስለሚገባ ነው። በፋሲካ ዋዜማ የከተማ ሴቶች ተጋፍተው የሚገዙት፣ ሳሎን ላይ የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ከረግረግና ከወንዝ ጠርዝ የታጨደ ነው። ለእሬቻ ወደ ሆራ የሚወርደው ሕዝብ በእጁ የሚይዘው ለምለም ሣር እርጥበት ያለበት መሬት ሀብት ነው፤ ምስጋናውም የሚቀርበው ከውኃው ጠርዝ ላይ ቆሞ ነው። በጎንደር ዙሪያ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን በመንጻት ሕጋቸው ምክንያት መንደራቸውን ለጅረት ቅርብ አድርገው ይመሠርቱ ነበር። ለሁሉም የውኃ ዳር የአምልኮ ቦታ ሆኖ አገልግሏል። በዳሩ የሚበቅለውን መጠበቅ ግን የአምልኮው ክፍል ሆኖ ሲቆጠር እምብዛም አልታየም።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። ምጽዋት ነው የሚለውን ወገን የሚደግፉ ምክንያቶች አሉ። በእስልምና ትምህርት ሙስሊም ከተከለው ዛፍ ሰው፣ ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላ ለተካዩ ሰደቃ ሆኖ ይጻፍለታል። በክርስትናም ጥላ ማዘጋጀትና የተጠማን ማጠጣት ከምግባረ ሠናይ ይቆጠራል። ዛፍን በዚህ መንገድ ማየት ሰውን ያነሣሣል፤ መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተክሏል ብሎ ሲያውጅም ሕዝቡ የወጣው በዚህ መንፈስ ነው። ችግሩ ምጽዋት ቦታ አለመምረጡ ነው። ሰጪው በሚመቸው ቀንና በሚመቸው ቦታ ይሰጣል። ወንዝ ግን በተመቸ ቦታ የተተከለ ሚሊዮን ችግኝ አይጠቅመውም፤ የሚጠቅመው በዳሩ ላይ ያለ ክፍተት በተከታታይ የቆመ ነው። ለዚህ ደግሞ የበጎ ፈቃድ ስሜት አይበቃም።

ዕዳ ነው የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። አበው ለልጆች የሚነግሩት የጅብና የአህያ ተረት ያለው እዚሁ ወንዝ ላይ ነው። ጅቡ ከላይ፣ አህያዋ ከታች ሆነው ውኃ ይጠጣሉ። «ውኃውን አታደፍርሺብኝ» ይላታል። ውኃ ሽቅብ እንደማይሄድ ሁለቱም ያውቃሉ፤ «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚለው መልሷ ምሳሌ ሆኖ ቀርቷል። ተረቱ የሚያስቀው አድማጩ አንድ ነገር አስቀድሞ ስለሚያምን ነው፤ በውኃ ነገር ጥፋተኛ ሊሆን የሚችለው ከላይ ያለው ብቻ ነው። ከታች ያለው ምንም ቢያደርግ የላይኛውን ውኃ አያበላሽም። ኃላፊነቱ እንደ ውኃው ወደ አንድ አቅጣጫ ይፈስሳል።

ፕላቶን በ«ሕግጋት» ድርሳኑ ይህንኑ በሕግ ቋንቋ አስቀምጦታል። ከላይ ያለ ባለርስት የዝናብ ውኃን በግዴለሽነት ለቆ የታችኛውን ቢጎዳ ዳኛ ፊት ይቀርባል። የሰውን ውኃ የመረዘ ደግሞ ከካሣው በላይ ምንጩን ወይም ጉድጓዱን ራሱ እንዲያጠራ ይገደዳል። በእስልምና ሕግ ሐሪም የሚባል ሥርዓት አለ፤ ጉድጓድ፣ ምንጭና ወንዝ በዙሪያቸው ሌላ ሰው የማይነካው ክልል ይኖራቸዋል። ጉድጓድ ለቆፈረ ሰው 40 ክንድ ለከብት ማረፊያ የሚሰጥ ሐዲስም ይጠቀሳል። ውኃ በሚቀዳበት፣ ሰው በሚያልፍበትና በሚያርፍበት ጥላ ላይ መጸዳዳትም እርግማን ከሚያመጡ ሥራዎች ተቆጥሯል። እዚህ ላይ የሚነገረው ስለ ቸርነት አይደለም፤ ስለ ድንበር ነው።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ስሙ የከበረው ዮሐንስ አፈወርቅ ደግሞ ክርክሩን ከሥሩ ይነቅለዋል። ስለ ባለጸጋውና ስለ አልዓዛር በሰበከው ስብከት ካለው ላይ ለድኻ የማያካፍል ሰው እንደ ቀማኛ ነው ብሎ አስተምሯል። በእርሱ ዓይን ምጽዋት ራሱ ዕዳ ነው፤ በሰጪው እጅ ያለው የተቀባዩ ድርሻ ነውና። የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ በርተሎሜዎስም እ.ኤ.አ. በ1997 ካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ ላይ ባደረጉት ንግግር የምድርን ውኃ፣ አየርና አፈር መበከል ኃጢአት መሆኑን በግልጽ ተናግረዋል። ኃጢአት ከሆነ ደግሞ ንስሐ ይጠይቃል፤ ንስሐ ደግሞ ቀኖና አለው። ስግደትና ጾም ለሚያዝዝ የንስሐ አባት የወንዝ ዳር ችግኝ ለሦስት ክረምት መንከባከብን ማዘዝ የሚከለክለው ነገር ያለ አይመስልም።

በሕግም ቢሆን መሠረቱ አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ለተቆጣጣሪው አካል የውኃ ዳርቻዎችን ወሰን እንዲከልልና በክልሉ ውስጥ ዛፍ መቁረጥንና ቤት መሥራትን እንዲከለክል ሥልጣን ሰጥቶታል። ከ25 ዓመት በኋላም በአብዛኛው ገጠር ማረሻው እስከ ወንዙ አፋፍ ይደርሳል።

ይህን ከክፋት መቁጠር ግን በደል ነው። በተረቱ ከላይ ያለው ጅብ ነው፤ በእውነተኛው ተፋሰስ ከላይ ያለው ብዙ ጊዜ ድኻው ነው። ሒሳቡን እንሥራ። ከአንድ ሄክታር፣ ማለትም ከአራት ጥማድ ብዙም የማይበልጥ መሬት ያለው ገበሬ መሬቱ 100 ሜትር ያህል ወንዝ ያዋስነዋል እንበል። አሥር ሜትር ለቀቀ ማለት ወደ ግማሽ ጥማድ የሚጠጋ ሰጠ ማለት ነው፤ ጤፍ ቢዘራበት ከ1 ኩንታል ተኩል እስከ 2 ኩንታል ያጣል። ተመራማሪዎቹ የሚሉትን 30 ሜትር ቢለቅ ከጥማድ በላይ ይሄዳል፤ ከ4 ተኩል እስከ 6 ኩንታል ጤፍም ከጎተራው ይቀራል። ይህ የአንድ ቤተሰብ የብዙ ወራት እንጀራ ነው። በታች በኩል ደግሞ የሐይቅ ዳር ሆቴል፣ የመስኖ እርሻ፣ የከተማ ውኃ አገልግሎትና የኤሌክትሪክ ግድብ አሉ። ዕዳውን ለገበሬው ብቻ ጽፎ እነዚህን ነፃ ማውጣት ተረቱን በሌላ አቅጣጫ መድገም ነው፤ በዚህ ጊዜ የሚያመካኘው ከታች ያለው ይሆናል።

ዕዳው ሁለት አቅጣጫ እንዳለው ኒው ዮርክ ከተማ በገንዘብ አሳይታለች። ከተማዋ አብዛኛውን ውኃዋን የምታገኘው በስተ ሰሜን ካሉት የካትስኪልና የደለዌር ተፋሰሶች ነው። ውኃውን ለማጣራት ቢሊዮኖች ዶላር የሚፈጅ ጣቢያ ከመገንባት ይልቅ እ.ኤ.አ. በ1997 ከላይኛው ተፋሰስ ማኅበረሰቦች ጋር ስምምነት ተፈራረመች። በስምምነቱም ሆነ ከእርሱ ጋር በተያያዙ መርሐ ግብሮች ገበሬዎች ጅረት ዳር ላይ አገር በቀል ዛፍ ሲተክሉና ከብታቸውን በአጥር ከውኃው ሲያርቁ ወጪያቸው ይሸፈናል፤ ለለቀቁት መሬትም ኪራይ ያገኛሉ። የከተማዋ ሰው ይህን ያደረገው ከጽድቅ ብዛት አይደለም፤ ርካሹ መንገድ ስለሆነ ነው። ቢሆንም ስምምነቱ አንድ ነገር አምኗል፦ የላይኛው ውኃውን ንጹሕ አድርጎ የማውረድ ግዴታ አለበት፤ የታችኛው ደግሞ ያን ግዴታ መወጣት የሚያስወጣውን ወጪ የመካፈል።

ጣና ላይ ሒሳቡ ባለመሠራቱ ክፍያው በሌላ መልክ መጥቷል። እምቦጭ በሐይቁ መታየቱ ከታወቀበት ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ እየሸፈነ፣ እየተነቀለ፣ ተመልሶ እየመጣ ቆይቷል። የደምቢያና የፎገራ ገበሬ ከወገቡ በላይ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቅሏል፤ ተማሪውና መነኩሴው ዘመቻ ወጥቷል፤ ማሽን ተገዝቷል። እምቦጭ የሚወፍረው ወንዞቹ ከማሳና ከከተማ ይዘውለት በሚመጡት ንጥረ ነገር ነው። ከላይ የጠፋው ማዳበሪያ ከታች አረም ሆኖ ይታጨዳል። በዳሩ ላይ ቢቀር ሣር ሆኖ ለከብት ይሆን ነበር።

የወንዝ ዳር መሬት ሙሉ በሙሉ የሚጠፋ አለመሆኑም ይታወሳል። ገበሬው እህል ቢያጣበት ሣር እያጨደ ለከብቱ ይሰጣል፤ ጌሾ ይለቅማል፣ ዋንዛው ሲደርስ ለሳንቃ ይሸጣል፣ ቀፎ ይሰቅላል። የዘጌ ሰው ለዘመናት የኖረው ከዚህ በማይርቅ ሒሳብ ነው። ግን ዋንዛ ለሳንቃ እስኪደርስ ዓመታት ያልፋሉ፤ ኩንታሉ የሚጎድለው ደግሞ በመጀመሪያው መኸር ነው። መካከሉን ማን ይሸፍነዋል የሚለው የዕዳው ዋና ጥያቄ ነው።

ለዚህም የአገሩ ሰው መሣሪያ አያጣም። ደቦና ወንፈል ለማሳ ሥራ፣ ዕድር ለሐዘን፣ የጽዋ ማኅበር ለቅዱሱ መታሰቢያ አለው። ሰበካ ጉባኤ የደብሩን አጥር ያሠራል፤ መስጊዱም ኮሚቴ አለው። በአንድ ጅረት ላይ ያሉ ሁለት ደብርና አንድ መስጊድ በመካከላቸው ያለውን ዳር ተካፍለው ቢይዙት መስመሩ ባለቤት ያገኛል። ቤተ ክህነት ይህን ማድረግ የሚያስችላት ትልቁ ሀብት ገንዘብ አይደለም፤ «ይህን አትንካ» ስትል የሚሰማት ሰው መኖሩ ነው። አዋጁ ያጣውም ይህንኑ ነው።

ፈተናው የሚመጣው ግን በተከላው ቀን አይደለም። በሐምሌ ጉድጓድ መቆፈርና ችግኝ ማኖር ቀላል ነው፤ ዝናብ አለ፣ ሰው ይወጣል፣ ካሜራም ይመጣል። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ፣ ከብቱ በልማድ ወደ ቃርሚያ ይለቀቃል። ግጦሹ ልቅ ነው፤ ማሳው የማንም ይሁን የማን ከብቱ ይገባል፣ ውኃ ፍለጋም ወንዝ ይወርዳል። በሐምሌ የተተከለው አኻያና ዶቅማ በዚያን ጊዜ ከጉልበት አይበልጥም፤ ከደረቁ ሣር መካከል አረንጓዴው እርሱ ብቻ ስለሆነ ከብቱ መጀመሪያ የሚደርሰው እርሱ ጋ ነው። ስለዚህ በአንድ ቀበሌ የዕዳው ነገር የሚታወቀው የእነማን ከብት በበጋ ታስሮ እንደሚቀለብ፣ ድርቆሹን ማን እንደሚያቀርብና ከታች ያለው ከተማ ከውኃ ሒሳቡ ላይ ለዚያ ድርቆሽ ስንት ብር እንደሚመድብ ሲወሰን ነው።